ታኮ የማይፈልግ ተራ፦ ጎንደር ውስጥ አንድ የታክሲ ማቆሚያ እንዴት ተነደፈ

ጎንደር ዳገት ላይ ታክሲ ሲቆም ረዳቱ ከበሩ በፊት የሚያስበው ጎማውን ነው። ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ይወሽቃል። ታኮ ነው። ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይገባል፣ "ሳበው!" ይባላል፣ መኪናው ይሄዳል። ድንጋዩ እዚያው አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ ደግሞ ሦስት ጎማ ነው ያለው፤ አንዱን ከድንጋዩ ሲያሸሽ ሌላው ያገኘዋል።

ከዚህ በታች የምተርከው ጉዳይ ከዚህ ድንጋይ ጋር የተያያዘ ነው። ባለጉዳይዋ አንዲት አርክቴክት ናት። የሥራ ዘመኗን ከሞላ ጎደል በሕዝብ ትራንስፖርት ግንባታ ነው ያሳለፈችው፤ የባቡር ጣቢያ ዙሪያ፣ መናኸሪያ፣ የታክሲ ተራ፣ የእግረኛ መሸጋገሪያ። ስሜን አትጥቀስ ብላኛለች። የቦታውንም ሆነ የአሠሪውን መሥሪያ ቤት ስም አላነሳም። እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ በዚህ ሥራ የፍሳሽ ማስወገጃውን ክፍል ይዤ ስለነበር የማወራው የማውቀውን ነው።

ከልደታ ወደ ሐዲዱ

የተማረችው አዲስ አበባ፣ ልደታ ነው። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተጀመረው የሕንፃ ትምህርት ቤት ነው። በእሷ ጊዜ ተመራቂው ሁሉ የሚመኘው ሆቴል ወይም አፓርትመንት መንደፍ ነበር። እሷም እንደዚያው። የቀጠራት አማካሪ ድርጅት ግን ጀማሪ ናት ብሎ ማንም የማይፈልገውን ሥራ አሸከማት፦ የቀላል ባቡሩ መስመር በሚያልፍበት ሠፈር እግረኛው በየት በየት እንደሚሻገር እየቆመች እንድትመዘግብ።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ያኔ ግንባታ ላይ ነበር። 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ሥራ ነው። ሁለት መስመር፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው መስመር ሲከፈት ከተማው ሁሉ ሊሳፈር ወጣ። ደስ የሚል ጊዜ ነበር፤ እሷም ያን ሰሞን ተሰልፋ ተሳፍራለች።

ችግሩ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ነው። ባቡሩ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ መስመሩ በአጥር ተዘጋ። ድሮ መንገዱን ሰያፍ ቆርጦ ገበያ ይሄድ የነበረው ሰው መሻገሪያ ፍለጋ መዞር ግድ ሆነበት። የዞሩ አሉ። አጥሩን የዘለሉም አሉ። የእሷ ደብተር የሞላው በዘለሉት ነው። የዱባ ጆንያ ቀድማ ወርውራ ኋላ ራሷ የምትዘል ሴትዮ እንዳየች እስካሁን ታነሳለች። ከፍ ባሉት ጣቢያዎች ደግሞ ጣጣው ደረጃው ነበር። አሳንሰር ሥዕሉ ላይ አለ፤ የማይሠራ ዕለት ግን አዛውንቱ ያው ደረጃውን ነው የሚወጡት።

ሪፖርቷ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ወጣ። መስመሩ አስቀድሞ ስለተነደፈ አንድም ነገር አልቀየረም። እሷን ግን ቀየራት። ሆቴሉን እርግፍ አድርጋ ተወችው።

ቀጥሎ የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ባቡር መጣ። 752 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀ። በ1929 እ.ኤ.አ. የተሠራው አሮጌው ለገሃር ጣቢያ መሀል ከተማ ነው፤ ወርደህ በእግርህ ትሄድ ነበር። አዲሱ የፉሪ–ለቡ ጣቢያ ግን ከከተማው ዳር ነው። ሕንፃው ግዙፍና የሚያምር ነው። "አምስት ጊዜ ዞርኩት፣ መንገደኛው ወርዶ ታክሲ የሚይዝበትን ቦታ አጣሁት" ትላለች። አምስት ያለችው እንኳ ለማጋነን ይመስለኛል። ነጥቧ ግን ትክክል ነው፤ ሕንፃው ላይ የፈሰሰው ሐሳብ ከበሩ ውጪ ላለው ሃምሳ ሜትር አልደረሰም።

ከዚያ እናቷን ለማስታመም ጎንደር መጣች። በዚያው ቀረች።

ዳገቱና ግንቡ

ለትራንስፖርት ነዳፊ ጎንደር ቀላል ከተማ አይደለችም። አሮጌው ከተማ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ። ከፍታው ጠባብ ስለሆነ ከተማዋ ወደ ጎን መስፋት ሲያቅታት ወደ ደቡብ፣ ወደ አዘዞ ተዘረጋች። አውሮፕላን ማረፊያውም በዚያው አቅጣጫ ነው። እንግዲህ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ በሽተኛው፣ ቱሪስቱ ሁሉ በዚያ አንድ ዋና መንገድ ነው የሚመላለሰው። ይህ ክፉ ብቻ አይደለም። ረጅምና ቀጭን ከተማ ለአውቶቡስ የተመቸ ነው፤ አንድ ጥሩ መስመር ብዙ ሰው ያነሳል። ችግሩ የሚመጣው ከዋናው መንገድ ወደ ጎን ሲወጣ ነው። እዚያ ያለው ዳገት ነው፤ ዳገቱን የሚወጣው ደግሞ ባጃጅ።

መሀሉ ላይ ፋሲል ግቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዙሪያ ግንቡ 900 ሜትር ነው፣ በሮቹ 12። ለጎብኚ ድንቅ ነው። ለታክሲ ሹፌር ግን ዙሪያውን ብቻ የሚኬድበት ትልቅ ደሴት ነው። ማንም መሐንዲስ መሀሉን ልክፈተው አይልም፤ እንዳይልም የግድ ነው።

ከግንቡ ወደ ሰሜን ያለው ፒያሳ የጣሊያን ዘመን ሥራ ነው። ጣሊያኖች ጎንደርን በ1936 እ.ኤ.አ. እንደያዙ የከተማ ፕላን እንዲያወጣ የተመደበው የፍሎረንሱ አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ነበር። እንደ አርክቴክት ሲታይ መሬቱን አንብቧል፤ መንገዶቹን ከዳገቱ ጋር አጣጥፎ ነው የዘረጋቸው። እንደ ፕላን ግን የነጩን ሠፈር ከአገሬው ለመለየት የተሠራ ነው። አውራ ጎዳናው ለመኪና ነው፤ መኪና ያለው ደግሞ ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ተሸንፎ ወጣ፤ ፒያሳው ቀረ። ፖስታ ቤቱም፣ ሲኒማ ቤቱም፣ ጥምዛዛው መንገድም ዛሬ ያለው በሕዝብ እጅ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ207 ሺህ በላይ ሰው የተገኘባት ከተማ ከዚያ ወዲህ እጅግ አድጋለች። ለጥቂት መኮንኖች አውቶሞቢል የታሰበው ጥምዝ ላይ አሁን ሚኒባስና ባጃጅ ይተራመሳል።

"ፋሲልን ቢመስል"

ሥራው የመጣው ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ቦታው ተዳፋት ነው፤ ከላይ እስከ ታች 40 ሜትር፣ የመሬቱ ዝንባሌ 9 በመቶ። ማለትም የላይኛው ጫፍ ከታችኛው 3.6 ሜትር ይበልጣል። ሚኒባሱም ባጃጁም ወደ ገጠር ወረዳ የሚወጣው ቅጥቅጥም እዚያው ይተራመሳሉ። "ዘመናዊ የታክሲ ማቆሚያ ይሠራልን" ተባለ።

ከደብዳቤው ጋር ናሙና ሥዕል ተያይዟል። ከየት እንደተገኘ አይታወቅም፤ ምናልባት ከኢንተርኔት። ሥዕሉ የተሠራው 12 ሜትር ርዝመት ላላቸው አውቶቡሶች ነው። እንዲህ ያለ አውቶቡስ ሲታጠፍ የሚይዘው ክብ ራዲየሱ 12 ሜትር ተኩል ያህል ነው። የእኛ ሚኒባስ ርዝመቱ 5 ሜትር አይሞላም። ባጃጅ ከ3 ሜትር ባነሰ ራዲየስ ይዞራል። ሥዕሉን እንዳለ ቢወስዱት ግማሹ መሬት ለማይመጣ አውቶቡስ መዞሪያ ይሆን ነበር። የባሰው ሌላ ነው፦ ሥዕሉ በግራ ከሚነዳ አገር የመጣ ነው። የተሳፋሪው መድረክ በመኪናው ግራ በኩል ነው። የእኛ ሚኒባስ በር የሚከፈተው በቀኝ። እንደተሳለው ቢገነባ ሕዝቡ የሚወርደው በሚሄድ መኪና ፊት ነበር። ናሙናውን ያያያዘው ሰው ይህን ስትነግረው "እሱማ ይስተካከላል" አለ።

ሁለተኛው ጥያቄ የጎንደር ነው። እዚህ ከተማ ባንክ ሲሠራም፣ ሆቴል ሲሠራም፣ የቤንዚን ማደያ ሲሠራም "ፋሲልን ቢመስል" ይባላል። ማለትም በአራት ማዕዘኑ እንቁላል ግንብ የመሰለ ጉልላት። ኃላፊው ጉልላት ፈለጉ። እሷ አልፈለገችም። የአንድ ጉልላት ወጪ ስንት ሜትር ጣሪያ እንደሚሸፍን ሒሳቡን ይዛ ቀረበች። በዚያ ብቻ አልረታችም። ያግባባቸው ድንጋዩ ነው። የፋሲል ግንብ የተሠራው ከጥቁር ባዝልት ድንጋይና ከኖራ ነው። የድጋፍ ግድግዳውን በዚያው ዓይነት ጥርብ ድንጋይ እንሠራዋለን፣ ሳይለሰን ይታያል አለች። ኃላፊው ድንጋዩን ወደዱት። ጉልላቱ ቀረ። በእኔ እይታ ለፋሲልም ክብር የሚሆነው ይኸው ነው፤ በላሜራ የተቀጠለ ጉልላት ያየ ይፍረደኝ።

ተራ አስከባሪው

ሥዕል ከመጀመሯ በፊት ተራው ላይ ተቀመጠች። የሻይ በርጩማ ተከራይታ ማለት ይቀላል። ከማለዳው የገበያ ሰዓት እስከ ማታ፣ የተለያየ ቀን። እዚያ ያገኘቻቸው ተራ አስከባሪ ከማናችንም በላይ ቦታውን ያውቁታል። ረዘም ያሉ፣ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ ፊሽካ የሚነፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ አላመኗትም። ግብር ልታስከፍል የመጣች መስላቸዋለች።

"አንቺ ኢንጂነር፣ ምኑን ነው የምትጽፊው?" አሏት።

አርክቴክት ነኝ ብትል ጥቅም የለውም። በዚህ አገር ቆብ ያጠለቀና ሜትር የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ተራውን ቢሠሩት እንዴት ይሠሩት ነበር?"

ሳቁ። ከዚያ ፊሽካቸውን ኪሳቸው ከተው አብራሩላት። ፊት ያለው ታክሲ ሞልቶ ሲወጣ ከኋላ ያለው ሁሉ አንድ እርምጃ ይጠጋል። ሜዳ ላይ ምንም አይደለም። ዳገት ላይ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ሞተር ማስነሳት፣ ታኮ ማውጣት፣ መሳብ፣ ታኮ መወሸቅ ነው። ሹፌሩ ነዳጅ ቆጥቦ ሞተር ሳያስነሳ ሊያንከባልል ይሞክራል። የእጅ ፍሬኑ የለቀቀ መኪና ደግሞ አይጠፋም። "አንድ ቀን ሰው ይጨፈልቃል እያልኩ ነው የምውለው" አሉ። "ጣሪያማ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው። ይሄ ግን ሁልጊዜ ነው።"

ከዚህ ወሬ በኋላ ሥራው ተገለበጠ። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚጠይቀው ጣሪያ ነው። ተራ አስከባሪው የጠየቁት መሬት ነው።

እርከኖቹ

መልሱ ለገጠር ሰው አዲስ አይደለም፤ ተዳፋት ላይ የሚያርስ ገበሬ አፈሩ እንዳይሄድበት እርከን እንደሚሠራው፣ እሷም ቦታውን በሦስት እርከን ቆረጠችው። በእርከንና በእርከን መካከል 1.2 ሜትር የድጋፍ ግድግዳ። የቀረው ከፍታ በእርከኖቹ መጠነኛ ዝንባሌና በመግቢያው ላይ ተበታተነ። ታክሲዎቹ ድሮ ፊታቸውን ወደ ዳገቱ ሰጥተው ይሰለፉ ነበር። አሁን ዳገቱን በጎናቸው አድርገው በእርከኑ ርዝመት ይሰለፋሉ። እርከኑ ውኃ እንዳይተኛበት ወደ ጎን 2 በመቶ ያዘነብላል። ዝንባሌው ለመኪናው ጎን ለጎን ስለሆነ ጎማው አይንከባለልም። ታኮ አያስፈልግም። ሞተር ሳያስነሳ መግፋት የፈለገ በሁለት ሰው ጉልበት ይገፋል።

በወረቀት ላይ ይህ አንድ መስመር ማዞር ነው። በብር ደግሞ የድጋፍ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ውድ ነው። "ለምን ሜዳ ቦታ አንፈልግም?" ያለ ነበር። ሜዳ ቦታ አለ፤ ከገበያው ርቆ። እሷ የፉሪ–ለቡን ጉዳይ አነሳች። ሕንፃው ተሠርቶ ሰው ያልደረሰበትን ቦታ አይታለች። ተራው ካለበት አይነቀልም አለች፤ ተሳካላት።

ከእርከን ወደ እርከን ደረጃ አለ። ከደረጃው ጎን ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውጫ። ለተሽከርካሪ ወንበርና ለጋሪ የሚሆን ራምፕ ከ1 ለ12 መብለጥ የለበትም፤ 1.2 ሜትር ለመውጣት ከ14 ሜትር በላይ ርዝመት ይፈልጋል። ቦታ በላ። የሚኒባስ መቆሚያ ቀነሰ። ሹፌሮቹ አጉረመረሙ። ራምፑ ግን ከተከፈተ ወዲህ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ተሽከርካሪ ወንበር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጀሪካን የምታንከባልል ልጅ፣ ከዘራ የያዙ አባት፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ የእንቁላል ካርቶን ደራርቦ የሚገፋ ነጋዴ።

ሌላው የወደድኩት ነገር ደብዳቤው ላይ የለም። ተቀምጣ ስታይ ከሰል በጀርባዋ የተሸከመች ሴትዮ ትመጣለች። ታክሲው አልደረሰም። ሸክሙን መሬት ብታወርደው ማን መልሶ ያሸክማታል? ስለዚህ ቆማ ትጠብቃለች፣ ወገቧን ጎንበስ አድርጋ። አርክቴክቷ በድጋፍ ግድግዳው ላይ በወገብ ልክ፣ 80 ሴንቲ ከፍታ ላይ፣ ወጣ ያለ የድንጋይ መደብ አስቀመጠች። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ሸክሟን ታሳርፍበታለች፤ ታክሲው ሲመጣ ገመዱን ሳትፈታ ትነሳለች። ከጠቅላላው ሥራ የዚህ መደብ ወጪ ምናምኒት ነው። ፎቶ የሚያነሳው የለም። እኔ ግን ይህን ሥራ ለተማሪ ባስተምር የምጀምረው ከዚያ ነው።

ጥምቀትም ነበር። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከተማው ለመኪና ይዘጋል። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳውም በዝቷል። ለሕዝብ የሚሠራ ማንኛውም ነገር በዚያን ቀን ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። እሷ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ቋሚ የብረት አጥር አላደረገችም። ሰው ሲገፋ ብረት ላይ ይጨፈለቃል። ተነቃይ ቋሚዎች አደረገች፤ ዋዜማውን ይነቀላሉ፣ እርከኖቹም የሰው መቆሚያ ይሆናሉ።

ግንባታው

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያረጀው።

ከርብስቶኑ፣ ማለትም የመድረኩ ጠርዝ ድንጋይ፣ ሥዕሉ ላይ ከፍታው 15 ሴንቲ ነው። ሚኒባሱ ደረጃው ከፍ ይላል፤ መድረኩ 15 ሴንቲ ሲያነሳህ እግርህ በቀላሉ ይገባል። ተቋራጩ በሁለት እርከን ላይ 25 አደረገው። "ያምራል፣ ደግሞ ውኃ አያስገባም" አለ። 25 ሴንቲ ለመድረኩ ሰው ጥሩ ነው፤ ከመንገዱ ለሚመጣው ሰው ግን ትንሽ ግድግዳ ነው። ጉልበት ያለው ዘሎ ይወጣል፤ አሮጊቷ ግን መንገዱ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በደብዳቤ ተጻጻፉ። አንዱ እርከን ፈርሶ ተስተካከለ። ሌላው እስካሁን 25 ነው፤ ሕዝቡ ራሱ ድንጋይ አስቀምጦ መወጣጫ ሠርቶለታል።

ጣሪያው ሌላ ታሪክ ነው። የጎንደር ክረምት ዝናብ ነፋስ ይዞ ስለሚመጣ ጣሪያ ዝቅ ማለት አለበት። የሚኒባስ አናት ላይ ደግሞ ጆንያ፣ ዶሮና ፍራሽ ስለሚጫን ጣሪያ ከፍ ማለት አለበት። ሁለቱን ለማስታረቅ ጣሪያው መድረኩን ብቻ እንዲሸፍን፣ በ2.6 ሜትር ከፍታ፣ ከከርቡ ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ እንዲያበቃ ተደረገ። ጫፉ ላይ አሸንዳ አለ። ከዚያ "ወጪ ይቀነስ" የሚል ስብሰባ መጣ። ከቢኦኪው፣ ማለትም ከሥራና ዋጋ ዝርዝሩ፣ ላይ አሸንዳው ወጣ። በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ብቻ ነው የተሰረዘው። ውጤቱን ሐምሌ ላይ ሄዳችሁ እዩት፦ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ውኃ መጋረጃ ሆኖ የሚያርፈው ሰው በሚሳፈርበት መስመር ላይ ነው። ተሳፋሪው ሲጠብቅ ደርቆ ይቆያል። ሲገባ ይታጠባል። ለአሸንዳው ተከራክሬያለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።

መጸዳጃ ቤቱ ወደ "ሁለተኛ ምዕራፍ" ተገፋ። ሁለተኛ ምዕራፍ የሚባል ነገር ምን እንደሆነ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ያውቀዋል።

ከተከፈተ በኋላ

እርከኖቹ ሠሩ። ይህን ያለ ይሉኝታ መናገር ይቻላል። ረዳቶቹ መጀመሪያ በልማድ ድንጋይ ይዘው ይወርዱ ነበር፤ ቆይተው ተዉት። አስፋልቱ ላይ ተበትኖ የሚያድር ድንጋይ የለም። ተራ አስከባሪውም አሁን ፊሽካ የሚነፉት ለመኪና መዞሪያ ብቻ ነው።

ያልሠራው የባጃጁ እርከን ነው። ንድፉ ላይ ባጃጆቹ የነበሩት ታች፣ ከገበያው መውጫ አጠገብ ነው። ከትራፊክ ቁጥጥር በኩል ባጃጅ ለዋናው መንገድ ይቅረብ ተብሎ ወደ ላይኛው እርከን ተወሰዱ። ሸክም የያዘ ሰው ባጃጅ ለመያዝ 3 ሜትር ተኩል ሽቅብ አይወጣም። ባጃጁም ሰው ወዳለበት ይሄዳል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የላይኛው እርከን ባዶ ይሆናል፣ የገበያው ማዕዘን ይጨናነቃል፣ ትራፊክ ይመጣና ይበትናቸዋል፣ ተመልሰው ይሰበሰባሉ። ተራ አስከባሪው ይህን የተናገሩት ገና ሥዕሉ ሳይጸድቅ ነው። በስብሰባው አልተጠሩም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተቀዛቀዘ። መንገድ ይዘጋል፣ ነዳጅ ይጠፋል፣ ቅጥቅጡ ወደ ወረዳ መውጣት ሲያቅተው የታችኛው እርከን ጭር ይላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ አሸንዳ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ሆኖም ሰው ያው ገበያ ይወጣል፣ ያው ይመለሳል። ኋላ ላይ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ጎንደርም ገብቶ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠራ። ለእሷ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ታክሲ የሚሳፈር ሁሉ መጀመሪያ እግረኛ ነው። የሚያሳስባት የተነሺ ተራዎች ጉዳይ ነው። መንገዱ ሲያምር "ተራው ወዲያ ይሂድ" ማለት ይቀናናል።

ስለ ሙያው ጠይቄያት ነበር። በዚህ ሥራ ስም ይወጣል ወይ? አይወጣም። ምረቃ ላይ ሪባን የሚቆርጠው ሌላ ነው፣ ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ሌላ ነው፤ የአርክቴክት ስም የታክሲ ተራ ላይ ተጽፎ አላየሁም። ገንዘቡስ? ባለ ሦስት ፎቅ የግል ቤት የሚነድፍ ጓደኛዋ ከእሷ ይሻላል። ከሠራቻቸው ሥዕሎች መሬት የነኩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ቀሪው ወይ በጀት አጣ ወይ ኃላፊ ተቀየረበት። እንዲህ ስትለኝ ስታማርር አይደለም። አዲስ ተመራቂ አብሯት ሊሠራ ሲመጣ ኮምፒዩተር አታስከፍተውም። ሜትርና ደብተር ሰጥታ ተራ ላይ ትልከዋለች፤ ሲመለስ የምትጠይቀው ስንት መኪና እንዳየ ሳይሆን ሰው ሲጠብቅ ምኑን ተደግፎ እንደሚቆም ነው። ግማሾቹ ይሰለቻቸውና ሆቴል ወደሚነድፍ ቢሮ ይሄዳሉ። አትቀየማቸውም።

ባለፈው ጊዜ ሳገኛት የመጸዳጃ ቤቱ ሁለተኛ ምዕራፍ በጀት ተለቆለት ሥዕሉን እያደሰች ነበር። የሴቶቹን ክፍል አስፍታ የወንዶቹን አጥብባለች። የሚያከራክረው ግን ቁልፉ ነው። መሥሪያ ቤቱ ቁልፉ በጥበቃ እጅ ይሁን ይላል። ጥበቃው 12 ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የገበያ ሴቶች የሚመለሱት ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ቁልፉ ለተራ አስከባሪዎቹ ማኅበር ይሰጥ፣ ትንሽ ሳንቲም እያስከፈሉ ያጽዱት ብላ ደብዳቤ ጽፋለች። ከሥዕሉ ጋር አያይዛ፣ ተራ አስከባሪው በስብሰባው ይጠሩልኝ የሚል አንድ መስመር ጨምራበታለች። ስብሰባው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጥሯል።